መሪጌታ ስንሻው ለቤት መሥሪያ አህያ ሲመርጡ

የዳሞቱ መሪጌታ ስንሻው ያስተማሩትን ዜማ ተማሪዎቻቸው ረስተውት ይሆናል፤ የመለሱትን መልስ ግን የረሳ የለም። እኔም የሰማሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ የቤታቸው ግድግዳ ተናደ። ባለቤታቸው እመት አትጠገብ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «ክረምት ሳይገባ ይህ ቤት ካልቆመ አባቴ ቤት እገባለሁ፤ ቅኔዎን ለአይጦቹ ይዝረፉላቸው!» አሉ። መሪጌታ ሚስታቸውን ይወዱ ነበርና ክው አሉ። ድንጋይና ጭድ የሚያመጣ፣ ፍርስራሹንም ወስዶ ገደል የሚደፋ ከብት ያስፈልጋል፤ እጃቸው ላይ ያለው ደግሞ ትንሽ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ወጡ። አንዱ ነጋዴ የበቅሎውን ጀርባ እየደባበሰ፣ «ይቺን ይውሰዱ መሪጌታ! አካሄዷ ሲጥም፣ ጀርባዋ ላይ ሆነው እንቅልፍ ይወስድዎታል» አላቸው።

«ወንድሜ፣ እኔ የምጭናት ድንጋይ ነው፤ እሱ እንደሆነ ሳይጫንም ይተኛል።»

ዞረው ዞረው አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ጀርባው የተላጠ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አህያ ገዙ። በዚያ ዘመን የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ደባልቄ አዳራሽ እያሠሩ ነበርና አሽከሮቻቸው ያማረ ከብት ካዩ ለሥራው ነድተው ይወስዱ ነበር። በስስቱ የታወቀው ጎረቤታቸው አያ ቢሰውር ግን አህያውን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ከዚያ ሁሉ አህያ ይህን? ዓይንዎ ምን ሆነ?»

«ዓይኔስ ደህና ነው፤ የመረጥሁት በፊታውራሪ ዓይን አይቼ ነው።»

አያ ቢሰውር እፍረት የሚባል አያውቅም። በማግስቱ መጥቶ፣ የደጁን ጉድፍ ሊያስወጣበት አህያውን እንዲያውሱት ለመነ። ወይ ድፍረት!

«ትናንት ስትስቅበት አኩርፏል። ሂድና ይቅርታ ጠይቀው፤ እሺ ካለህ ውሰደው።»

አያ ቢሰውር እውነት መስሎት አህያው ፊት ቆሞ ጥቂት አጉተመተመ ይባላል።

ግድግዳው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሰማዩ ማጉረምረም ጀመረ። በዚያው ሰሞን ፊታውራሪ ሌላ ከብት አልቆባቸው ኖሮ ያን ጎደሎ አህያ ሳይቀር አስወሰዱት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፤ አህያው የለም። እመት አትጠገብ ልብሳቸውን መሸከፍ ያዙ። መሪጌታ ወደ አዳራሹ ሄዱ።

እጅ ነሥተው ሳይጨርሱ ፊታውራሪ ጮኹባቸው። «ና አንተ ደብተራ! ይህ አህያህ ዛር አለበት እንዴ? ቋሚና በር በጫንነው ቁጥር ወደዚህ መምጣቱን ትቶ ገደል አፍ ሄዶ ይገተራል! ምን ብለህ ነው ያስተማርኸው?»

ከደጅ ጠኚው መካከል ቋሚውም በሩም የጭሰኞች ቤት እየፈረሰ የመጣ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ እዚያው ቆሞ የገዛ ቤቱን በር የሚያይም ነበር። ፊታውራሪ እንኳ መሬት መሬት እያዩ «አህያውን ስጡትና ይሂድልኝ!» ያሉት፣ እመት አትጠገብም የሸከፉትን የፈቱት፣ መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው በመለሷት በዚህች ቃል ነው፦

«ጌታዬ፣ አህያ ምን ያውቃል፤ እኔ ያስለመድሁት ከፈረሰ ቤት የወጣ ዕቃ ሁሉ ገደል እንደሚገባ ነው።»