ባልቴቷና የመሪው አዳራሽ

ጠጋ በሉማ ልጆቼ። ለአንድ ለሞቱ መሪ መታሰቢያ አዳራሽ ሲሠራ፣ የአንዲት ባልቴት ቤት ፈረሰ፤ ምትክም አልሰጧትም። ክረምቱ ሲገባ የት ልውደቅ እያለች ስትብሰለሰል ከረመች።

የምርቃቱ ቀን አዳራሹን ያሠራው ሹም ደረቱን ነፍቶ፣ «ይህ ቤት የእናንተ የሕዝቡ ነው!» አለ። እሷ ምን ቸገራት፣ ፍራሿን ተሸክማ ገብታ መሐል አዳራሹ ላይ ዘረጋችው።

ሹሙ በእንግዶቹ ፊት ደሙ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ይህ አዳራሽ የተሰጠው ለሞቱት መሪያችን ነው! አንቺ ሞተሻል?» ሲላት እንግዳው ሁሉ አውካካ።

እሷ እቴ፣ መች ደንግጣ! ትራሷን እያደላደለች፣ «ጌታዬ፣ እሳቸው ጨርሰው ቢሞቱ ሙሉውን ሰጣችኋቸው። እኔም ቤቴን ካፈረሳችሁት ወዲህ ግማሽ ሙት ነኝ፤ ግማሹ ይበቃኛል» አለችው።