ማዕዘን ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች

የአንዲት ትንሽ ከተማ ከንቲባ አቶ ይርዳው ምሳ ሊበሉ ምግብ ቤት ሲገቡ መኪናቸውን መስቀለኛው መንገድ ማዕዘን ላይ አቆሙት። ከወዲያ የሚመጣው ስለማይታይ ለመታጠፍ የሚደፍር ጠፋ። ትራፊክ ፖሊሱም አይቶ እንዳላየ ፊቱን አዞረ።

በችግር ያደገ፣ ምላሱ ግን ያልተገራ አንድ ባጃጅ ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ኮፍያውን አውልቆ ከመኪናው ጎን አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሌሎቹም ነጂዎች ተከትለውት ተደረደሩ።

ከንቲባው አፋቸውን እየጠረጉ ሲወጡ ደነገጡ።

«ምን ሆናችኋል?»

«እግዜር ያጽናዎት ጌታዬ» አለ ነጂው። «በእኛ ሰፈር መንገድ የሚዘጋው ለለቅሶ ድንኳን ብቻ ነው።»

«አንተ ባለጌ! ማን ሞተብኝ? አሁኑኑ ካልነገርከኝ መንጃ ፈቃድህን እነጥቅሃለሁ!»

መንጃ ፈቃዱ ከተነጠቀ ልጆቹ ጦም ያድራሉ። ነጂው ይህን እያወቀ ቀና አለ።

«የሞተብዎትማ ባለፈው እሑድ በስብሰባ ላይ ‹ማዕዘን ላይ መኪና የሚያቆም ወዮለት!› ያሉት ቃልዎ ነው። አራት ቀን እንኳ አልኖረም። ወላጁ እርስዎ ስለሆኑ ብቻዎን አያልቅሱ ብለን ነው።»