ጎርፍን ሊከስ ባሕር የወረደው ዝንጀሮ

መርዶው የደረሰኝ ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ጧት ነው። ባለቤቴ አንዳርጌ እህቱን ሊጠይቅ ቆላ ወርዶ፣ ወባ ይዞት እዚያው ዐርፎ ኖሮ፣ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው መጥተው ነገሩኝ። ያን ቀን የልጅ ልጆቻችን የዝንጀሮውን ተረት ከእንግዲህ ማን ያወራልናል ብለው አለቀሱ። አንዳርጌ ተረት ሲያወራ ቁጭ ብሎ አያውቅም፤ ይነሣል፣ ይሮጣል፣ ጎርፉን ሆኖ ያጓራል። እንዳይጠፋ ብዬ እሱ እንዳወራው እጽፈዋለሁ።

ድሮ፣ ተራራው ጥቁር የአፈር ካባውን ገና ሳያወልቅ፣ ስሙ በተረሳ አገር አንድ ዝንጀሮ ነበረ። ማሳው ዳገት ላይ ነው፤ አፈሩ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ የጠገበ፣ ሲጨብጡት የሚወዛ።

ክረምት ሊገባ ሲል አውሬው ሁሉ በደቦ እርከን ይሠራ ጀመር። ዝንጀሮ ወገቤን ብሎ ቀረ። ማሳውንም አግድም ማረስ አታካች ነው ብሎ ቁልቁል አረሰው። ፍልፈል ከጉድጓዷ ወጥታ ትልሙን በመዳፏ ዳሰሰች።

«አያ ዝንጀሮ፣ ይኼ ትልም ነው ወይስ የጎርፍ መንገድ?»

«እመት ፍልፈል፣ ዓይን ሳይኖርሽ ደግሞ እርሻ ታያለሽ?»

ሐምሌ ገባ፤ ውሽንፍሩ ተነሣ፤ ሰማዩ ተቀደደ። ጎርፍ ከተራራው አናት እያጓራ ወረደ። «መንገደኛ ነኝ፣ አሳልፉኝ» ይላል። እርከኑ ጋ ሲደርስ ድንጋዩ ያዘው፤ ሸክሙን አራግፎ ቀስ ብሎ አለፈ። የዝንጀሮ ማሳ ጋ ሲደርስ ግን የተጠረገ መንገድ አገኘ። ጥቁሩን አፈር ከነቅጠሉ ከነፍጉ ጠራርጎ፣ እብስ!

ዝንጀሮ ተከተለው። ገደሉ ጋ፣ «አፈሬን መልስ» አለ። ጎርፍ፣ «መንገደኛ ነኝ፣ ወደ ታች ና» አለው። በረሃው ላይ፣ «አፈሬን መልስ» አለ። «መንገደኛ ነኝ፣ ወደ ታች ና።» እንዲህ እንዲህ ሲሉ ባሕር ደረሱ።

ባሕሩ ዳርና ዳር እንደ ጠላ አተላ ደፍርሷል። ትናንሽ ዓሦች ቅጠሉን እየበሉ ይዘላሉ። ዝንጀሮ ጎርፍ አፈሬን ወሰደብኝ፣ ዓሦቹም በሉብኝ ብሎ የባሕሩ ዳኛ ዘንድ ሮጠ። ዳኛው አንድ ሽማግሌ ሸርጣን ነው።

«እንኳን መጣህ፤ የአፈሩን ባለቤት ስንፈልግ ነበር» አለው ሸርጣን። «ከመጣብን እኩሌታውን ትናንሾቹ በልተው ጠገቡ። ሌላው ከታች በጭቃ ተቀበረ። የቀረው ውሃውን አጠቆረው፤ ሣራችን ፀሐይ አጣ፣ ልጆቼን ትንፋሽ አጠራቸው። ላኪው ማን ነው?»

ዝንጀሮ ወደ ጎርፍ ጠቆመ።

«እኔ መንገደኛ ነኝ» አለ ጎርፍ። «በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው።»

ከሳሹ ተከሳሽ ሆነ። ሸርጣን አፈርህን ይዘህ ውጣ ብሎ ፈረደበት። ዝንጀሮ ቢዘግን ቢዘግን በጣቶቹ መሐል ፈሰሰ። እፍኝ ጭቃ ይዞ ዳገቱን ወጣ፤ ገብስ ቢዘራበት ጨው ሆኖ አላበቅል አለው።

በዓመቱ ደቦው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ቀድሞ የተገኘው ዝንጀሮ ነው። ፍልፈል ወገብህስ ብትለው፣ «ባሕር ዳር ጥዬው መጣሁ» አላት። ጥቁሩ አፈር ግን በእሱ ዕድሜ አልተመለሰም።

ከማሳው ያላገደውን ጎርፍ፣ ባሕር ወርዶ ቢሟገት ምን ሊያተርፍ።

ይህን ያነበባችሁ፣ ለልጆቻችሁም ያወራችሁ፣ አንዳርጌን ነፍስ ይማር በሉልኝ።