ከግራው ጎማ ሥር የወጣችው ቆርቆሮ

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበረ፤ ዘርጋው ይሉታል። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችው። አባትየው ከታመሙ ጀምሮ ሃያ ዓመት በሸራ ተሸፍና ቆማ ነበርና አውጥቶ አስነሳት፣ ቀለም አስቀባት፣ እሑድ እሑድ ይወለውላት ጀመር። እንዴት እንደምታበራ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ በመንገድ የሚያልፉ አህዮች መልካቸውን በበሯ አይተው ጋማቸውን እያስተካከሉ ይሄዱ ነበር። ከላይ እንዲህ ናት። መሪዋ ግን ልል ነው። ሰኞ ያዞሩት መሪ ጎማው ዘንድ የሚደርሰው ማክሰኞ ነው።

ነጋዴው ሽመክት ወደሚባል መካኒክ ወሰዳት። ሽመክት ጎማውን ይዞ ሲነቀንቅ ችግሩን ወዲያው አገኘው፤ የግራውን ጎማ የሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው፣ ኳስ መሳይ ራስ ያላት ብረት ተበልታለች። ፈታት። ከዚያ በኋላ ያደረገው በአገራችን ሁሉም የሚያደርገውን ነው፤ አሮጌዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ መለዋወጫ መደብር ሄደና "የዚህችን እኩያ ስጠኝ" አለ። ሻጩ ሁለቱን ጎን ለጎን አጋድሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነጻጸረ።

"ቁርጥ እሷን!" አለ።

ተገጠመች። በሁለት ወሯ ላላች።

እንደገና ተፈታች፣ እንደገና ተጠቀለለች፣ እንደገና "ቁርጥ እሷን!" ተባለ። አራት ጊዜ! ሻጩ በዚያች ብረት ብቻ ፎቅ ሠራ ይባላል። ፎቁን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በረንዳ ሁሉ አለው።

አምስተኛው ጊዜ የመጣው የነጋዴው ልጅ ውብአንቺ ልትዳር ሦስት ቀን ሲቀራት ነው። ልጅቷ "በአያቴ መኪና ካልሆነ አልሄድም" ብላለች። የምታገባበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከከተማው በታች፣ ገደል ገደሉን የሚጠማዘዘው ቁልቁለት መጨረሻ ላይ ነው። ያቺ ብረት ከመደብሩ አልቃለች። ሽመክት አሮጌዋን ይዞ ወደ ቶርኖ ቤት፣ ወደ እትዬ ባፈና ሮጠ። እትዬ ባፈና አርባ ዓመት ብረት ሲቀርጹ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጠማማ ብረት እርሳቸውን ገና ሲያይ በራሱ ይቀናል ይባላል።

"እትዬ፣ ቁርጥ ይህችን ይሥሩልኝ፤ ሠርግ ደርሶብኛል" አላቸው።

አገላብጠው አዩዋትና "የቀኟስ የታለች?" አሉ።

"የቀኟ ጤነኛ ናት። የታመመችው የግራዋ ነች።"

"ጤነኛ ስለሆነችማ ነው የምጠይቅህ! አንተ ስለ ጤና የምትጠይቀው በሽተኛውን ነው?"

ቱታቸውን እንደለበሱ ጋራዥ ድረስ መጡ። ነጋዴው እዚያ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እትዬ ባፈና መኪናዋ ሥር ገብተው የቀኙን ብረት ለኩ፣ ወደ ግራ ተሳቡ፣ የተፈታችው ብረት የምትሰካበትን ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ከሥር የወጣው ጩኸት የሦስት ሰፈር ውሾችን አስነሣ።

ከመኪናዋ ሥር የወጡት አንዲት የተጠቀለለች የቆርቆሮ ቁራጭ ይዘው ነው። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ! ቀዩ ሥዕሏ እንኳ ገና አልጠፋም።

"ይህችን ታያላችሁ? በግራ የምትገጥሙት ብረት የሌላ፣ የትንሽ መኪና ነው። ለቀዳዳው ቢቀጥን ክፍተቱን በቆርቆሮ ሞሉት። እናንተ ደግሞ ስሕተቱን በስሕተቱ ልክ እየለካችሁ አራት ጊዜ ገዛችሁ!"

ሽመክት አንገቱን ደፋ። "እኔ ስፈታትም ነበረች እኮ እትዬ፤ የቀዳዳው አካል መስላኝ…"

"ከግራው ጎማ እስከ ቀኙ ስንት እርምጃ ነው?"

"ሁለት።"

"ሁለት እርምጃ ከበደህ!"

ነጋዴው ትዕግሥቱ አለቀ። "እትዬ፣ እስከ ዛሬ ይዛናለች አይደል? እንደነበረችው አድርገው ይሥሯት፤ ከሠርጉ በኋላ እናየዋለን።"

"አንተ ዘርጋው! ልጅህን በድልህ ቆርቆሮ ነው ገደል የምታወርዳት? ይህን ያደረገውን ሰው ባገኘሁት፣ ጆሮውን ቶርኖዬ ላይ አስሬ ነበር የማሾረው!"

ነጋዴው ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን ቆርቆሮዋ ላይ ቀረ። ቀዩን ቲማቲም አወቀው። ያኔ፣ ጎረምሳ ሳለ፣ አባቱ "ትክክለኛውን ፈልገህ አምጣ" ብለው ልከውት ነበር። ፍለጋው ሰልችቶት ያገኘውን ገዛ። ከእናቱ ጓዳ ባዶ ቆርቆሮ አንስቶ በመቀስ የቆረጠው፣ "ለጊዜው ይያዝ" ብሎ የሰካው ራሱ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

እትዬ ባፈና ጆሮውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ የቀኙን ብረት ፈትተው በእጁ አስቀመጡለት። "በል፣ አባትህ ወደላኩህ ቦታ አሁን ሂድ" አሉት።

ነጋዴው መደብር ሄዶ የቀኙን ብረት አሳየ። ሻጩ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠገበ ካርቶን ጎተተ።

"ይህችን ነው? ሞልታለች። ስንት ዓመቷ፤ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም" አለ።

ተሰካች፤ ያለ ቆርቆሮ፣ ያለ መዶሻ።

በሠርጉ ቀን አባትየው ራሱ እየነዳ ልጁን በቁልቁለቱ አወረዳት። መኪናዋ ገና መታጠፍ ሲታሰብ ትታጠፍ ነበር። ሙሽራዋ ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ቆርቆሮ አይታ፣ "አባዬ፣ በሠርጌ ቀን ይህ ምን ይሉታል?" አለችው።

"የእኔ 'ለጊዜው' ናት፣ ልጄ። ዳግመኛ ከመኪናችን ሥር እንዳትገባ ከፊቴ ሰቅያት ነው።"

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ቆርቆሮዋ አይደለችም፤ ጎረምሳ ይሰንፋል። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው እንኳ "መጀመሪያ እንዴት ነበር?" ብሎ አለመጠየቁ ነው። ለአንድ ቀን ያስገባነው ነገር ሲሰነብት ልክ ይመስለናል። በተበላሸ ቁጥር በአምሳያው እንተካዋለን፤ ከዚያ "አዲስ አስገብቼ ለምን አልተስተካከለም?" እያልን ሰማይን እንወቅሳለን። ሰማይ ምን አደረገ? ጤነኛው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ እያየን ነው።

እስቲ እርስዎስ፣ በቤትዎም ይሁን በሥራዎ፣ ያቺን አሮጌ ብረት ጠቅልለው "የዚህችን እኩያ" ሲሉ ይህ ስንተኛ ጊዜዎ ነው? ጎንበስ ብለው ይዩ። ቆርቆሮዋን ካገኟት ደግሞ ታሪኩን ለጎረቤትዎ ይንገሩ፤ እሱም ቤት አንድ ቆርቆሮ አይጠፋም።