ዱካዋ የሚዋሽ አክስት

ድሮ ድሮ፣ ዛፎች ስማቸው ሲጠራ «አቤት!» በሚሉበት ዘመን፣ ወንዝ ዳር የምትኖር ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። እሷና ታናሽ ወንድሟ ይርዳው ወንዙንም ጫካውንም እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። በመስከረም አደይ ይለቅማሉ። በበጋ ውሃው ሲጎድል ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ተሻግረው እንኮይ ይበላሉ። በክረምት ደግሞ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው ከወንዙ አፋፍ ቁልቁል ሸርተት! ከታች ውሃው ዳር ያለውን የወይራ ሥር ለቀም አድርገው ይቆማሉ።

አንድ መስከረም ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ ሴትዮ መጣች።

«ደብሪቱ! በልጅነቴ የጠፋሁት እህትሽ ነኝ!» አለቻት እናታቸውን።

እናትየው አልቅሳ አቀፈቻት። ትርንጎ ግን ራቅ ብላ ቆመች። ሴትዮዋም «ሰው መሃል ያፍነኛል» ብላ ጫካው ውስጥ ጎጆ ቀለሰች።

በማግስቱ ከዛፎቹ መሃል ድምፅ መጣ።

«ትርንጎዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ ነይ ወደ ጫካ፣ ነይ ወደ ጥላ! አደይ እሰጥሻለሁ። ብቻሽን ነይ፣ ለማንም አትንገሪ!»

«ለምን ብቻዬን?» አለች ትርንጎ በልቧ። ቀና ስትል ቅርንጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ጉሬዛ ተቀምጧል።

«አያ ጉሬዛ፣ አክስቴን ታውቃታለህ?»

«እኔ አላውቃትም። ግን በሥሬ ስታልፍ ወፎቹ ጸጥ ይላሉ።»

ትርንጎ አልሄደችም።

በጋ ሆነ።

«ትርንጎዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ ነይ ወደ ጫካ፣ ነይ ወደ ጥላ! እንኮይ እሰጥሻለሁ። ብቻሽን ነይ፣ ለማንም አትንገሪ!»

«አያ ጉሬዛ፣ አክስቴን ታውቃታለህ?»

«እኔ አላውቃትም። ግን እሾህ ሲይዘው እንኳ ቀሚሷን ሰብስባ አታውቅም።»

ትርንጎ አልሄደችም። ለእናቷ ብትነግራት ግን «አክስትሽ እኮ ናት! ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?» ብላ ተቆጣቻት።

ክረምት ገባ። ድምፁ መጣ፤ አሁን ግን የጠራው ትርንጎን አልነበረም።

«ይርዳውዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ ና ወደ ጫካ፣ ና ወደ ጥላ! ማር እሰጥሃለሁ። ብቻህን ና፣ ለማንም አትንገር!»

ይርዳው ደግሞ ማር ይወዳል። ትርንጎ ከሩቅ ሰምታ እየሮጠች ብትደርስ፣ ጎጆው ባዶ ነው። ብትጮህ መንደሩ ሁሉ ወጣ። ጭቃው ላይ የትልቅ እግር ዱካ አዩ፤ ከወንዙ በላይ ካለው ገደል ተነስቶ እስከ ጎጆው ይመጣል።

«አንድ ነገር መጥቷል፤ የሄደበት ግን የለም!» ብለው ሰዎቹ ወንዝ ለወንዝ ፍለጋ ወረዱ።

«አያ ጉሬዛ!» አለች ትርንጎ እያለቀሰች። «አክስቴን ታውቃታለህ?»

«ዛሬ አወቅኋት። ጭቃው ቀሚሷን አስሰበሰባት። ተረከዟ ከፊት፣ ጣቶቿ ከኋላ ናቸው።»

ትርንጎ እንባዋን ጠረገች። «ጭራቅ ናት! መጣች ያሏት ሄዳ ነው!»

ዱካውን ወደ ኋላ ተከትላ ገደሉ ሥር ካለ ዋሻ ደረሰች። ከውስጥ «ላስ፣ ይርዳውዬ፣ ላስ። ማር የላሰ ልጅ ሲበሉት ይጣፍጣል» ይላል ድምፁ።

ትርንጎ ከዋሻው ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ በሚንሸራተቱበት አፋፍ ላይ ቆመችና ተጣራች።

«አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ነይ ወደ ወንዝ፣ ነይ ወደ ውሃ! ራሴን እሰጥሻለሁ። ብቻሽን ነይ፣ ለማንም አትንገሪ!»

«ሁለት ሆኑልኝ!» ብላ ጭራቋ ልጁን ጥላ ወጣች። ትርንጎ ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና ሸርተት! የወይራውን ሥር ለቀም! ጭራቋ ተከተለቻት። ግን ጣቶቿ ወደ ኋላ ናቸው፤ ቁልቁለቱን የሚቧጥጥላት የለም። ተረከዟ አዳለጣት፣ በትርንጎ አናት ላይ ዥው ብላ አለፈች፣ ጎርፉ ውስጥ ጧ! ድፍርሱ ውሃ እያንከባለለ፣ እያገላበጠ ወሰዳት።

ትርንጎ አፋፉን ወጥታ ይርዳውን ከዋሻው ስታወጣው፣ እናትየው የጭራቋን ጩኸት ሰምታ ደረሰች። ሁለቱንም ልጆቿን አንድ ላይ አቀፈች።

«ልጄ፣ የእህት ናፍቆት አሳውሮኝ ነው። ማሪኝ» አለቻት ትርንጎን።

«እሺ እማ። ብቻ ከእንግዲህ ስነግርሽ ስሚኝ።»

ይርዳው አገጩን እየላሰ ቀና አለ። «ማሩ ግን ጥሩ ነበር» አለ።

እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፤ እናንተም ላልሰማ አድርሱ። ለእኔ ግን ጉሮሮዬ ደርቋልና ውሃ አቀብሉኝ።