የአንጓች ጣሪያ

ዱሮ ነው፣ ልጆቼ፤ በጣም ዱሮ። ሐይቁ እዚያ ዋርካ ሥር ድረስ ይመጣ በነበረበት ዘመን። ያኔ በዚህ መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ ታንኳ ሠሪ ነበር፤ ደንገል የሚሉትን የሐይቅ ዳር ቄጠማ እያሰሩ ታንኳ መሥራት ያስተማራት እሱ ነው። ባሏ ጀንበሬ ይባላል። ልጅ አልነበራቸውም።

መንደሩን ከደሴቱ የሚያገናኘው አንድ ትልቅ የመንገደኛ ታንኳ ነበር። የሚቀዝፈው ቢሻው የሚባል ሰው ነው። አንድ የገበያ ቀን ታንኳው ተገለበጠ። ሌላው ሰው ተረፈ፤ ጀንበሬን ሐይቁ ወሰደው።

ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። «ይህ ታንኳ ደም አለበት፤ ይቃጠል» አሉ። አንጓች ከነጥቁር ልብሷ መጣች። ታንኳውን ዳሰሰች፤ ሆዱን ዳሰሰች፤ ጎኑን ዳሰሰች።

«ውሃ ጠጥቶ ከብዶት ነው» አለች። «ገበያው ደርቶ ስትመላለሱበት ማን ፀሐይ ላይ አወጣው? ማን አደረቀው?»

ሽማግሌዎቹ ማቃጠሉን ተዉት። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። የበሰበሰውን እየመዘዘች ጣለች። እስከ ወገቧ ውሃ ገብታ አዲስ ደንገል አጨደች፤ አደረቀች፤ በልጥ አሰረች። ታንኳው እንደገና ታንኳ ሆነ።

ታንኳው ተሠራ፤ የሚሳፈር ግን ጠፋ። ቢሻውም በሩን ዘግቶ ተኝቷል። አንጓች ሄዳ በሩን መታች።

«አያ ቢሻው፣ ተነሣ። አሻግረኝ።»

«ባልሽን አስበልቼ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

«እጁን ይዘኸው ነበር አሉኝ። ማዕበሉ ነጠቀህ እንጂ አንተ አልለቀቅኸውም። ተነሣ፣ ወንድሜ።»

ቢሻው ተነሣ። ሁለቱ ብቻቸውን ተሳፈሩ፤ መንደሩ ዳር ቆሞ ያያል። ሐይቁ መሀል ሲደርሱ አንጓች አለቀሰች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንዲያ አልቅሳ አታውቅም ነበር። ቢሻው መቅዘፉን ተወ። አይዞሽም አላላትም፤ ጠበቃት። ሲወጣላት ፊቷን በሐይቁ ውሃ ታጠበችና «አሁን ቅዘፍ» አለችው። በማግሥቱ ሰው ሁሉ ተሳፈረ።

ዓመታት አለፉ። ክረምት ሊገባ ሲል አንጓች እንደ ልማዷ ልታድሰው ታንኳውን ፈታችው። አሮጌው ደንገል ወጥቷል፤ አዲሱ ገና እርጥብ ነው። እንግዲህ በዚያው ቀን ከደሴቱ ጭስ ተነሣ። ጭስ ማለት ድረሱልን ማለት ነበር። የቢሻው ልጅ ዘርፌ እዚያ ነው ያገባችው፤ ወሯ ገብቶ ነበር። አዋላጇ እመት ብርቄ ደግሞ በዚህ ማዶ ናቸው። ማዕበሉም ለዓሣ አጥማጆቹ ትንንሽ ታንኳዎች የሚሆን አልነበረም።

ቢሻው ጎረቤቱን አስከትሎ እየሮጠ መጣ። «እንዲሁ እሰሪውና ልሂድ!» አላት።

አንጓች ደንገሉን ዳሰሰች። እርጥብ ነው። ሰማዩን አየች። ጠቁሯል። ከዚያ ዞራ ቤቷን አየች። የቤቷ ክዳን ደንገል ነበር፤ የስንት ዘመን የምድጃ ጭስ ያደረቀው ደንገል።

«ጣሪያው ላይ ውጡና አውርዱት» አለች።

«ዝናብ እየመጣ እኮ ነው፣ አንጓች!» አሏት ጎረቤቶቿ።

«እኔ ብርስ እደርቃለሁ። አውርዱት!»

አወረዱት። አሰረችው። ቢሻው እመት ብርቄን ይዞ ቀዘፈ። ዝናቡም መጣ፤ አንጓች ቁርበት ለብሳ ክዳን በሌለው ቤቷ ተቀመጠች። ቢሻው ሲመለስ ውሃ ከጸጉሯ እየተንጠባጠበ አገኛት።

«ምን ወለደች?» አለችው።

«ሴት። ሁለቱም ደኅና ናቸው» አለና እግሯ ላይ ወደቀ። «ተው፣ አያ ቢሻው፣ ጭቃ ነው» ብላ አነሣችው።

ሲነጋ ከየቤቱ ሰው ወጣ። ሁሉም አንዳንድ እስር ደንገል ተሸክሞ መጣ። ቤቷ ፀሐይ ሳይበረታ ተከደነ።

ከዚያ ወዲህ፣ ልጆቼ፣ በየዓመቱ ታንኳው ሲታደስ መንደሩ ሁሉ ደንገል ያጭዳል። የመጀመሪያው ሸክም ግን ለታንኳው አይሆንም። ቤቷን የሚከድንላት የሌላት መበለት፣ ጉልበት የከዳው ሽማግሌ ካለ መጀመሪያ የእነሱ ቤት ይከደናል። ሰውም ለራሱ የሚያስፈልገውን አንሥቶ ለጎረቤቱ የሰጠ እንደሆነ ሀገራችን ሌላ ምርቃት አይፈልግለትም። «የአንጓች ጣሪያ ውሃ ላይ ነው» ይለዋል።