የባላምባራስ ጓንጉል በቅሎ ገዳይ

ባላምባራስ ጓንጉል የሚወዷት በቅሎ ዳገት ስትወጣ ወድቃ ሞተችባቸው። ያን ሁሉ ገላ ይዘው ከላይዋ ላይ ነበሩ፤ ግን ይህን ማን ደፍሮ ያነሣል? እሳቸው "ምቀኛ መተት አድርጎ ገደለብኝ" አሉና ገዳይ ለማውጣት አገሩን በሙሉ ሾላው ሥር ለአውጫጭኝ ሰበሰቡት።

"ገዳይዋ እስኪታወቅ ንቅንቅ የለም!" ብለው አወጁ። "ከዚህ ጥላ ተነሥቶ ቤቱ የሄደ ሰው፣ ገዳይዋ እሱ ነው። ከርስቱ ይነቀላል!"

ሰዉ ተራ በተራ እየተነሣ ማለ። የደረሰው ጤፍ ማሳ ላይ ይረግፋል፣ ዝንጀሮ እንደ ልቡ ይፈነጭበታል፤ ወደ ቤቱ የሚል ግን ጠፋ። በማግስቱ ባላምባራስ ራባቸውና ሌላ በቅሎ አስጭነው ቤታቸው ሄዱ። ጥግብ ብለው ተመለሱ።

ገና ከኮርቻው ሳይወርዱ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት አራሽ ነጠላዋን አደግድጋ ብድግ አለች።

"ጌታዬ፣ ገዳይዋ ተገኝቷል።"

"ማነው? ተናገሪ!"

"እርስዎ ባወጁት መሠረት ነው እንግዲህ። ከጥላው ተነሥቶ ቤቱ የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው።"

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሳቁን የዋጠም፣ ያልዋጠም ነበር።

"አንቺ ባለጌ! እኔ የገዛ በቅሎዬን ልገድል? ምስክር አምጪ!"

"ምስክሯንማ ራስዎ ይዘዋት መጡ" አለች፣ ጉልበቷ የሚብረከረከውን በቅሎ እያየች። "ይልቅ ቶሎ ይውረዱላት ጌታዬ። ይቺም ከሞተች ለሁለተኛ አውጫጭኝ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ጤፋችን እየረገፈ ነው።"